የታመመው ሰው ከሆስፒታል ሳይወጣ መታጠቢያ ቤት ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በባሕር ዳርና በጣና ዳር አንድ የቤተሰብ አባል ሆስፒታል ተኝቶባቸው፣ ሲመለስ የሚጠቀምበትን መታጠቢያና ሽንት ቤት ለማስተካከል ላሰቡ ሰዎች ተዘጋጅቷል።

ሥራውን ሕመምተኛው ሆስፒታል እያለ መጀመር ይሻላል ወይስ ቤት ከገባ በኋላ?

ሆስፒታል እያለ መጀመር ይሻላል፤ ይሁን እንጂ መጀመር ያለበት ከመውጫው ቀን በፊት እንደሚያልቅ እርግጠኛ የሆኑበት ሥራ ብቻ ነው። ወለል ሲፈረስና ሴራሚክ ሲቆረጥ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ለጤነኛ ሳንባም የማይስማማ ሲሆን፣ የመተንፈሻ ችግር ላለበት ወይም የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። ከርጥብ ግድግዳ ሲፈረስ የሚበተነው የሻጋታ ብናኝ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ከባድ የሳንባ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። በዚያ ላይ የቤቱ ብቸኛ ሽንት ቤት ፈርሶ ሳለ በዎከር (በባለ አራት እግር መደገፊያ) የሚራመድ ሰው ቤት ከገባ፣ በየሰዓቱ ወደ ጎረቤት ሽንት ቤት ሊጓዝ ነው ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ሥራውን ለሁለት መክፈል ጠቃሚ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ለደኅንነት የግድ የሚያስፈልገው ነው፤ ይኸውም መቀመጫው፣ የመያዣው ብረት፣ የማያንሸራትተው ወለል፣ የበሩ ስፋትና የሌሊት መብራቱ ነው። የግድግዳው ሴራሚክ እስከ ኮርኒስ መድረሱ፣ መስታወቱ፣ ካቢኔውና ቀለሙ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ ለስድስት ወር ቢዘገዩ የሚወድቅ ሰው የለም።

ስንት ቀን ይፈጃል?

የመያዣ ብረት መግጠም፣ አምፖል መቀየር፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ወደ ውጭ አዙሮ መስቀል የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው። ወለል አፍርሶ፣ ቱቦ ቀይሮ፣ ውሃ መከላከያ ቀብቶ ሴራሚክ ማንጠፍ ግን ክፍሉ ትንሽ ቢሆንም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሊታሰብለት ይገባል። ሠራተኛው ቢፈጥን ሲሚንቶው አይፈጥንለትም። አዲስ የፈሰሰ ወለል ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እየጠጣ መጠንከር አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን አገኘ የሚባለውም በ28 ቀን ነው። የውሃ መከላከያው ቅብ ከደረቀ በኋላ መውረጃው ተደፍኖ ለ24 ሰዓት ውሃ ሊተኛበትና ወደ ጎረቤት ክፍል ወይም ወደ ታችኛው ፎቅ ማርጠቡ ሊታይ ይገባል። ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ቀን ሰው እንዳይረግጠው ይደረጋል።

ቀን ሲቆጥሩ እሑድን ብቻ ቀንሰው እንዳይተዉ። በእኛ አካባቢ በወሩ 12፣ በ21 እና በ29 ሥራ የማይነካ ግንበኛ ብዙ ነው፤ መብራት በጠፋበት ቀን ደግሞ የሴራሚክ መቁረጫው አይሠራም። ከግንበኛው ጋር ሲዋዋሉ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ መሐል አድርገው የሥራ ቀኖቹን አንድ በአንድ ምልክት ቢያደርጉ፣ ኋላ ከሚመጣው ጭቅጭቅ ይድናሉ።

ከሐኪሙና ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ምን ልጠይቅ?

ግንበኛ ከመጥራትዎ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። ሕመምተኛው በታመመው እግሩ መርገጥ የሚፈቀድለት መቼ ነው? ቤት ሲገባ የሚንቀሳቀሰው በክራንች ነው፣ በዎከር ነው ወይስ በዊልቸር? ዳሌውን ወይም ጉልበቱን እስከ ምን ድረስ ማጠፍ ይችላል? ሲነሣ በየትኛው እጁ ይደገፋል? ቁስሉን ውሃ ሊነካው የሚችለው ከስንት ቀን በኋላ ነው? እነዚህ መልሶች የመቀመጫውን ቁመት፣ የመያዣውን ጎን እና የበሩን ስፋት ይወስናሉ። ለምሳሌ የዳሌ መገጣጠሚያ የተቀየረለት ሰው ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ ይነገረዋል፤ እንዲህ ላለው ሰው ዝቅ ያለ መቀመጫ ከመጣ ወርቅ ቢቀባም አይጠቅመውም።

ሐኪሞች ለራውንድ ሲገቡ አስታማሚ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ጥያቄውም በዚያው ይረሳል። በወረቀት ጽፈው ይያዙትና ራውንዱ ካለቀ በኋላ ይጠይቁ። የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶም ሜትር ዘርግተው በስልክዎ ያንሱ፤ ፊዚዮቴራፒስቱ በርቀት ሊሰጥ የሚችለው ምክር በዚያ ፎቶ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሽንት ቤታችን ቁጢጥ የሚባልበት የቱርክ ነው። የግድ መነሣት አለበት?

አይደለም። ቁጢጥ ማለትና ከዚያ መነሣት እግሩ ለተሰበረ፣ ስትሮክ ላገኘው ወይም ሆዱ በቅርብ ለተቀደደ ሰው የማይቻል መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወለል ሳይፈርስ የሚሠራ መፍትሔ አለ። ብየዳ ቤት ሄደው አራት እግር ያለው፣ ከላዩ እንደ ሽንት ቤት መቀመጫ ቀዳዳ ያለው፣ ግራና ቀኝ መደገፊያ የተበየደለት የብረት ወንበር ማሠራት ይቻላል። እግሮቹ ሰፋ ብለው የቱርኩን ሰሃን አልፈው ደረቁን ወለል እንዲረግጡ ልኩ ቤት ተወስዶ ይሰጣል፤ ጫፋቸውም ላይ ጎማ ይገባባቸዋል። ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀመጥበት ከቤተሰቡ ሁሉ ክብደት ያለው ሰው ይሁን። ይህ ወንበር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ከሥሩ ባልዲ ተደርጎለት አልጋ አጠገብ ያገለግላል።

በቋሚነት መቀየር ከፈለጉ፣ መቀመጫውን ከመግዛትዎ በፊት ፍሳሹ የሚወጣው በወለል ነው ወይስ በግድግዳ የሚለውን ይለዩ። በወለል የሚወጣ ከሆነ ከኋላው ግድግዳ እስከ ቀዳዳው መሐል ያለው ርቀት ይለካል፤ ብዙዎቹ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈልጋሉ፤ የሚለካውም ሴራሚክ ከተለጠፈበት ገጽ ነው እንጂ ካልተለሰነው ብሎኬት አይደለም። ይህች ሁለት ሴንቲ ሜትር ስንቱን ዕቃ ወደ ሱቅ አስመልሳለች። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ አዛውንቶቻችን የሚጠቀሙት ውሃ ስለሆነ፣ ተቀምጠው ሳለ ጆጉን ወይም የእጅ መርጫውን ሳይጠማዘዙ የሚያገኙበት ቦታ ያስፈልጋል።

የመቀመጫው ቁመትና የመያዣው ብረት ልክ ስንት ነው?

የተለመደው መቀመጫ ከወለል 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ለመነሣት ለሚቸገር ሰው ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይመረጣል፤ ሲቀመጥ ዳሌው ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ማለት፣ ሁለቱም እግሮቹ ግን ወለሉን ሙሉ በሙሉ መርገጥ አለባቸው። አጭር እናትን ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቅሎ እግራቸውን ማንጠልጠል ሌላ አደጋ ነው፤ ስለዚህ በአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ሳለ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ጀርባ ድረስ ይለኩና በዚያ ላይ ጥቂት ይጨምሩ።

የመያዣው ብረት ውፍረት በእጅ ሙሉ የሚጨበጥ፣ ከ32 እስከ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ ይሁን። ከግድግዳው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከዚያ ከሰፋ ክንድ ሊሾልክ ይችላል። ከወለል ያለው ከፍታ እንደ ሰውየው ቁመት ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስትሮክ ላገኘው ሰው ብረቱ የሚገባው በጤነኛው ጎን ነው። ብዙ ቤተሰብ በአዘኔታ በደከመው ጎን ያስገጥማል፤ የደከመ እጅ ግን ብረት አይጨብጥም። ፎጣ መስቀያ በምንም ምክንያት መያዣ ተደርጎ መታሰብ የለበትም፤ የሚወድቅ ሰው ያገኘውን ሁሉ ስለሚይዝ፣ ከመቀመጫው አጠገብ ያለውን የፎጣ መስቀያ ማንሣቱ ይሻላል።

ምን ዓይነት ሴራሚክ ልግዛ?

በዚህ ጥያቄ ላይ የምመልሰው ከራሴ ስሕተት ነው። እናቴ በዳሌ ስብራት ተኝታ ሳለ፣ ስትመለስ ደስ ይበላት ብለን እንደ መስታወት የሚያበራ ነጭ ፖርስሊን አነጠፍን። ቤት በገባች በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆማ ወለሉን አየችና «ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል፤ አልረግጥም» አለች። እውነቷን ነበር። ሳሙና ሲነካው ጤነኛውም ሰው የሚንሸራተትበት ወለል ነበር፤ ለሦስት ወር በላዩ ላይ የጎማ ምንጣፍ አንጥፈን ኖርን፤ ምንጣፉም ጠርዙ እየተገለበጠ ሌላ መሰናክል ሆነ።

ለወለል የሚገዛው ገጹ ሻካራና የማያበራ መሆን አለበት። ሱቁ ውስጥ አንዱን ሴራሚክ መሬት ላይ አስተኝተው፣ ውሃና ሳሙና ጠብ አድርገውበት፣ ጫማዎን አውልቀው ይርገጡት፤ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ከትልልቆቹ ይልቅ ትንንሾቹ ሴራሚኮች ይመረጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው የመሙያ መስመር ስለሚበዛ እግርን ይይዛል፤ ወለሉንም ወደ መውረጃው ማዘንበል ያቀልላል። ዝንባሌው በአንድ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ከዚያ ከበዛ ዎከር ይንሸራተታል፤ ካነሰ ደግሞ ውሃው ይተኛል። የወለሉ ቀለም ከግድግዳውና ከመቀመጫው የተለየ ይሁን፤ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ነጭ መቀመጫን ከነጭ ወለል ለይተው ለማየት ይቸገራሉና። ለስብራትና ለቆረጣ አንድ አሥረኛ ያህል ጨምረው በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ በሌላ ጊዜ የሚመጣው ያው ዓይነት በቀለም ላይገጥም ይችላል።

ግድግዳችን ጭቃ ነው። የመያዣ ብረት ይችላል?

ጭቃው አይችልም። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ላይ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ቢገባ የሰው ክብደት ያረፈበት ዕለት ልስኑን ይዞ ይወጣል። ምሰሶው የት እንዳለ ካወቁና እንጨቱ በምስጥ ካልተበላ፣ ሁለቱን ምሰሶ የሚያገናኝ ወፍራም ጣውላ መትቶ ብረቱን በጣውላው ላይ ማሠር ይቻላል። የበለጠ የሚታመነው ግን ግድግዳውን ጨርሶ የማይነካው ነው፦ የጋልቫናይዝድ ቱቦ እንደ በር መቃን ተጎንብሶ ሁለቱ እግሮቹ በወለሉ ውስጥ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ወርደው በኮንክሪት ይቀበራሉ። ይህ መሠራት ያለበት ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት ነው።

ብሎኬትም ቢሆን ውስጡ ክፍት ስለሆነ በተራ ፊሸር አይታመንም። ብረቱ የሚያርፍበትን ብሎኬት ከፍቶ በኮንክሪት መሙላት፣ ወይም ግድግዳውን በስቶ በሌላው ጎን ላሜራ አድርጎ በቡሎን ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሲያልቅ አንድ ትልቅ ሰው ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይሳበው። ለግንበኛው ክፍያ ከመጨረስዎ በፊት የሚደረግ ፈተና ነው።

በሩ ጠባብ ነው፤ ምን ይሻላል?

ዎከር ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ዊልቸር ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ንጹሕ ክፍተቱ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። መቃን ማፍረስ ካልተቻለ በሩን ጨርሶ አውልቆ ወፍራም መጋረጃ መስቀል ሦስትና አራት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። በሩ የሚቆይ ከሆነ ግን ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ሰው ውስጥ ቢወድቅ ሰውነቱ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ይዘጋዋል፤ ውስጥ ያለውን መቀርቀሪያም ከውጭ በሳንቲም ሊከፈት በሚችል ይቀይሩት።

ውሃ በየጊዜው ይጠፋል። ሻወርና ቦይለር ማስገባት ዋጋ አለው?

ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ) ካለዎት አለው፤ ከሌለዎት ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያውሉት። ሮቶው የሚሰጠው ግፊት በከፍታው ልክ ነው፤ እያንዳንዱ ሜትር የሚሰጠው አንድ አሥረኛ ባር ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ ውሃን ወደ ሻወር ያንጠባጥባል እንጂ ብዙዎቹ ፈጣን ማሞቂያዎች የሚፈልጉትን ግፊት አይሰጥም። በማገገም ላይ ላለ ሰው ተቀምጦ በባልዲ ሞቅ ያለ ውሃ መታጠብ ከአናት ሻወር ይልቅ ምቹም አስተማማኝም ነው። የሚያስፈልገው እግሩ ጎማ ያለው ጠንካራ ወንበር፣ ጆግና ባልዲው የሚቀመጥበት ከፍ ያለ ቦታ ነው። መጎንበስ የለበትም።

ቦይለር የሚያስገቡ ከሆነ 50 ሊትር የሚይዘው በውሃው ብቻ 50 ኪሎ ግራም እንደሚጨምር አስበው የሚሸከም ግድግዳ ይፈልጉለት። የመሬት ሽቦው በትክክል መታሠሩን፣ መስመሩም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱን የሚያጠፋ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ያለው መሆኑን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያረጋግጥልዎ። የውሃው ሙቀት ከ49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይሆን ያስተካክሉት። ስትሮክ ወይም የቆየ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሙቀትን ላይለይ ስለሚችል፣ የሚቃጠለው ሳይሰማው ነው፤ ውሃውን ሌላ ሰው በክርኑ ይሞክርለት።

ክረምት ላይ ነን፤ ሰፈራችንም ለሐይቁ ቅርብ ነው። የፍሳሽ ጉድጓድ ማስቆፈር እንችላለን?

ባይቆፈር ይመረጣል። በጣና ዳር ባሉት ዝቅተኛ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ሐይቁ በዓመቱ ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ ሲሆን፣ ሞልቶ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያቆም ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በመሆኑም «ክረምቱ ወጣ» ተብሎ የሚጀመር ቁፋሮ ብዙውን ጊዜ ውሃው አናቱ ላይ በደረሰበት ጊዜ ይውላል። በዚህ ወቅት የሽንት ቤቱ ውሃ ቀስ ብሎ ሲወርድና ሲንገጫገጭ ሰው ቱቦ ተደፈነ ብሎ ወለል ያስፈርሳል፤ ችግሩ ግን ከውጭ ያለው ጉድጓድ ከከርሰ ምድር ውሃ መሙላቱ ሊሆን ይችላል። ወለሉን ከመንካትዎ በፊት የማንሆሉን (ከቤት ውጭ ያለውን የፍሳሽ መፈተሻ) ክዳን ከፍተው ይመልከቱ። ውስጡ ሞልቶ ከቆመ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከማንሆሉ ወዲያ ነው እንጂ ከወለሉ ሥር አይደለም።

ማስመጠጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዙሪያው በውሃ የተሞላ መሬት ውስጥ ያለን ጉድጓድ ሙልጭ አድርጎ መምጠጥ ያልተገነባውን ግድግዳ ሊያፈርሰው፣ ታንከር ከሆነ ደግሞ ወደ ላይ ሊያንሳፍፈው ይችላል፤ ስለዚህ በከፊል ይመጠጥ፤ አዲሱ ጉድጓድም እስከ በጋ ይቆይ። ፍሳሹን በጊዜያዊነት ወደ ቦይ ማውጣት ግን በምንም ሰበብ አይገባም፤ ቦዩ የሚሄደው ወደ ሐይቁ ነው። ጥቁር አፈር ባለበት ሰፈር ደግሞ አፈሩ በክረምት ሲያብጥ፣ በበጋ ሲሰነጠቅ የቱቦ መገጣጠሚያዎችን ስለሚስብ፣ ቱቦው በአሸዋ ላይ ይተኛ። የተቆፈረ ሁሉ በዚያው ሳምንት ይደፈን፤ ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ነው፤ የቆመ ውሃ ደግሞ የትንኝ መራቢያ ነው።

ሽንት ቤቱ ፈርሶ ሳለ የቀረነው የት እንጠቀማለን?

ጎረቤትን አስቀድሞ ማስፈቀድ ነው፤ ሰዓቱን ጭምር። በግቢው ሁለተኛ ሽንት ቤት ካለ መጀመሪያ እሱን አስተካክሎ ሌላውን በኋላ ማፍረስ ይቻላል። ሕፃናትና አዛውንት ባሉበት ቤት ለሌሊት ፖፖ ይዘጋጅ።

አስታማሚ እኔው ነኝ። ግንበኛውን ማን ይቆጣጠራል?

ከባዱ ይህ ነው። ጠዋት ምግብ ይዞ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል መድረስ፣ ወይም ከከተማው መሐል ራቅ ወዳለው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ተሳፍሮ መመለስ ቀኑን ይበላል፤ ግንበኛው ግን «ይህን የት ላድርገው?» ብሎ የሚጠይቀው ልክ ሐኪሙ ሲያነጋግርዎ ነው። ሁለቱን አንድ ሰው አይችላቸውም። ከወንድም፣ ከአጎት ልጅ ወይም ከታመነ ጎረቤት አንዱን ለቤቱ ይመድቡና የመወሰን ሥልጣኑንም አብረው ይስጡት፤ ለእያንዳንዱ ነገር የሚደውል ተቆጣጣሪ ተቆጣጣሪ አይደለም። እርስዎ በአካል መገኘት ያለብዎት በሦስት ቀኖች ነው፦ ቱቦዎቹ ከመቀበራቸው በፊት፣ ውሃ መከላከያው በውሃ ሲፈተሽ፣ የመያዣው ብረት ሲገጠም። የቱቦዎቹን ፎቶ ያንሱ፤ ነገ በዚያው ግድግዳ ላይ ፊሸር የሚያስገባ ሰው ይጠይቅዎታል።

ስምምነቱ በቀን ሳይሆን በቁርጥ ይሁን፤ በሌሉበት ቤት የቀን ሠራተኛ ቀን አያልቅበትም። ዕቃውን ራስዎ ገዝተው፣ የእጅ ሥራውን ክፍያ በሦስት ከፍለው፣ የመጨረሻውን ከውሃ ፈተናውና ከብረቱ ፈተና በኋላ ይስጡ። በአንድ ገጽ ወረቀት በሁለት ምስክር መፈራረም ሰውን አለማመን ተደርጎ መታየት የለበትም።

ገንዘባችን ለሕክምናው እየወጣ ነው። ከዚህ ላይ ለቤት ማውጣት ተገቢ ነው?

መድኃኒቱ፣ ክትትሉና የፊዚዮቴራፒው መመላለሻ ይቀድማሉ። የጤና መድን ያላቸው ቤተሰቦችም ቢሆኑ መድኑ የሚሸፍነው ሕክምናን እንጂ ቤትን ስላልሆነ፣ የቤቱ ወጪ ከኪስ ነው። ለዚህም ነው እድሳቱ ከርካሹ መጀመር ያለበት፤ የሌሊት መብራት፣ የመያዣ ብረት፣ ቀዳዳ ያለው ወንበርና ወለል ላይ የሚለጠፍ ሻካራ ፕላስተር አንድ ላይ ተደምረው ከአንድ አዲስ መቀመጫና ሴራሚክ ዋጋ በእጅጉ ያንሳሉ፤ መውደቅን በመከላከል ረገድ ግን አይተናነሱም። ዕቁብ አስወጥቶ ሴራሚክ ማንጠፍ፣ ከወር በኋላ ድንገት ለሚታዘዝ ምርመራ እጅ እንዲያጥር ካደረገ፣ ትርፉ ጸጸት ነው።

የምንኖረው በኪራይ ወይም በቀበሌ ቤት ነው። ማደስ እንችላለን?

ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ወለልና ግድግዳ አይፈርስም፤ በቀበሌ ቤት ደግሞ ፈቃዱ የሚጠየቀው ቤቱን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ነው። ወጪው ከኪራይ የሚታሰብ ከሆነም ያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። በኮንዶሚኒየም የፍሳሽ ቱቦው የጋራ ስለሆነ የታችኛው ጎረቤት ቀድሞ ይነገረው። ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ግን የብረት ወንበሩና ከወለል ጋር የማይታሠረው ባለ አራት እግር መደገፊያ የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም፤ ቤት ሲለቅቁም አብረው ይሄዳሉ።

ነገ ትወጣለች ተባልን፤ ሥራው ግን አላለቀም። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ቤቱ አለመዘጋጀቱን በግልጽ ይንገሩ፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ሊገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ አልጋ ለሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ ቦታው ስለሚፈለግ፣ በሆስፒታል ብዙ መቆየት ራሱም የኢንፌክሽን ስጋት ስላለው፣ በዚህ ላይ አይመኩ። ሁለተኛው አማራጭ ሽንት ቤቱ የተመቸ ዘመድ ቤት ለሁለት ሳምንት ማሳረፍ ነው። ሲመርጡ የዘመዱን ፍቅር ብቻ ሳይሆን ደረጃውንም ይቁጠሩ። ሁለቱም ካልሆኑ የሚፈርሰው ይቁም፤ ወለሉ ይጠረግ፤ ክፍሉ በፕላስቲክ ይዘጋ፤ ሕመምተኛዋ አልጋዋ አጠገብ ቀዳዳ ባለው ወንበርና በባልዲ ትጠቀም።

ሲሚንቶው ሳይጠነክር፣ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ አዲሱ መቀመጫ ላይ ማስቀመጥ ግን አይገባም። ያልጠነከረ ሲሚንቶ ላይ የተወዛወዘ መቀመጫ ዳግመኛ አይጸናም፤ ከሥሩ ማፍሰስ ይጀምራል።

ለእናቴ ልንገራት ወይስ ስትመጣ ታየው?

ይነገራት። በእኛ ልማድ ለታመመ ሰው የቤት ጣጣ አይነገርም፤ ይህም ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። መታጠቢያ ቤት ግን ሰው ብቻውን የሚሆንበት ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚያስፈራት፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሣ፣ የትኛውን ግድግዳ ይዛ እንደምትራመድ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስትወጣ የሚጠብቃት ቤት የማታውቀው ከሆነ፣ በጨለማ እጇ የለመደውን መቀርቀሪያ ፈልጎ ያጣል። ጉልበት ባላት ሰዓት፣ የሚጠይቋት ሰዎች ከሄዱ በኋላ፣ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቋት፤ ከእነሱም አንዱ «የቱን እንዳንነካብሽ ትፈልጊያለሽ?» የሚል ይሁን። ስለ ወጪው ግን በዚያ ሰዓት ባይነሣ ይመረጣል፤ «እኔን ብላችሁ» ብላ ሁሉንም ታስቆማለች።

አባቶችን በተመለከተ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ብዙ አባቶች የመያዣ ብረት ሲባሉ «ሽማግሌ አደረጋችሁኝ» ብለው ይቆጣሉ። ብረቱ ለቤቱ ሁሉ እንደተገጠመ መናገርና ልጆቹም ሲይዙት ማሳየት የተሻለ ይሠራል፤ ክርክሩ ግን ማንንም አሳምኖ አያውቅም።

ሐኪሞቹ ተስፋውን በእርግጠኝነት አልነገሩንም። ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ቤቱን ማፍረስ ነውር አይሆንም?

ይህን ብዙ ሰው የሚጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ጎረቤት «ገና ሳይሆን ቤቱን አፈረሱት» ሊል ይችላል፤ ግቢው ውስጥ የፍርስራሽ ክምርና የአሸዋ ቁልል ያየ ሰው ድንኳን ሊተከል ቦታ የሚጠረግ ይመስለዋል። ሐሜቱን መፍራት ብቻውን ሥራን ለማስቆም ምክንያት ባይሆንም፣ ተስፋው ባልለየበት ወቅት ትልቅ ፍርሻ አለመጀመር በሌላ ምክንያት ትክክል ነው። ቤቱ ለሚመጣው ሁሉ ዝግጁ መሆን አለበት፤ ክፉውም ቢመጣ፣ ደጉም ቢመጣ የሚጎርፈው ሰው ያው ነው፤ ሁሉም ሽንት ቤት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚሠራው በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚያልቅ ነገር ብቻ ይሁን፦ ብረቱ፣ መብራቱ፣ በሩ፣ ወንበሩ።

ሰው ቢጠይቅዎ «የምትመለስበትን እያዘጋጀን ነው» ይበሉት፤ አሸዋውንም ከበሩ ፊት አንሥተው ወደ ጓሮ ያዙሩት።